ከሸዋ በር የገዛሁት የግንባር ባትሪ፦ ለመብራት መጥፋት ሳይሆን ለእንቁራሪት

ፍርዴን አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ዝርዝሩን የፈለገ ይከተለኝ። ይህ የግንባር ባትሪ ካርቶኑ ላይ ከተጻፈለት ሩቡን እንኳ አይሠራም። ላስቲኩ ደካማ ነው። የባትሪ ድንጋዩ ውሸታም ነው። ዝናብም አይችልም። ግን ወሎ ውስጥ ከሆናችሁና ከመሸ በኋላ ሜዳው ላይ ማን ምን እንደሚሠራ ማየት ካማራችሁ ግዙት። አንድ ነገር አለው፦ ቀይ መብራት። እሱ ብቻውን ዋጋውን ይመልሳል።

መብራት ሲጠፋ እራት ለመብላት የምትፈልጉት ከሆነ ይሄን ማንበብ አያስፈልጋችሁም፣ የትኛውም ይበቃል። እኔ የገዛሁት ለእንቁራሪት ነው። አዎ፣ ለእንቁራሪት። ሳቃችሁን ስትጨርሱ እንቀጥላለን።

ደሴ፣ ሸዋ በር ነው የገዛሁት። የሱቁን ስም ተዉት፣ ያው ዕቃ በየሱቁ ተሰቅሏል። የፋብሪካ ስም የሚባል ነገር የለውም። ዋጋው ከሺህ ብር ትንሽ ከፍ ይላል፤ ከተከራከራችሁ ትንሽ ዝቅ ይላል። ሻጩ በጠራራ ፀሐይ አብርቶ ግድግዳው ላይ አነጣጠረና «አብሽር ወንድሜ፣ ማታ ጦሳን ከዚህ ሆነህ ታየዋለህ» አለኝ። የጦሳን ተራራ አላየሁም። የጎረቤታችንን የቆርቆሮ አጥር ግን ጥርት አድርጎ ያሳያል።

ካርቶኑ ላይ 100,000 ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) ይላል። ይሄ ዓይን ያወጣ ውሸት ነው። አንድ ተራ የመኪና የፊት አምፖል የሚሰጠው ከ1,000 እስከ 1,500 ሉመን ገደማ ነው፤ እንግዲህ ይህቺ ሚጢጢ ነገር የመኪናውን መቶ እጥፍ ልታበራ ነው ማለት ነው? በዓይኔ ስገምት ሦስት መቶ ብትደርስ ነው። ለእኔ ሥራ ግን ሦስት መቶም ይበዛል። ለምን እንደሚበዛ እደርስበታለሁ።

ከጭንቅላት በስተኋላ ያለው ሳጥን ውስጥ የሚገባው የባትሪ ድንጋይ 18650 የሚባለው ነው። 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ 65 ሚሊ ሜትር ርዝመት ማለት ነው። ላዩ ላይ የሚይዘው ኃይል 9,900 ሚሊ አምፒር ሰዓት ነው ተብሎ ተጽፎበታል። በዚህ መጠን ከሚሠሩት ምርጥ የሚባሉት እንኳ 3,500 አካባቢ ላይ ይቆማሉ፤ ስለዚህ ይሄም ቁጥር ፈጠራ ነው። ጥገና የሚሠሩ ልጆች ጋ ሂዱና ለክተው ደህናውን ይስጧችሁ። ድንጋዩን ስትቀይሩ ዕቃው ሌላ ዕቃ ይሆናል።

አበራሩ አራት ዓይነት ነው፦ ኃይለኛ ነጭ፣ ደካማ ነጭ፣ ብልጭ ድርግም የሚል፣ በመጨረሻም ቀይ። ትልቁ ቅሬታዬ እዚህ ላይ ነው። ወደ ቀዩ ለመድረስ ሦስቱንም ማለፍ አለባችሁ። በጨለማ ቀስ ብላችሁ ተጠግታችሁ፣ ትንፋሻችሁን ውጣችሁ፣ ቁልፉን ስትጫኑ መጀመሪያ የሚወጣው ኃይለኛው ነጭ ነው። ያን ጊዜ ሁሉም ጸጥ። ብልጭ ድርግም የሚለውን ደግሞ ማን እንደጠየቃቸው እንጃ። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ገና ከመንገድ ሳትወጡ ቀዩን አብሩና በእጃችሁ ሸፍናችሁ ሂዱ። እጅ ሲወዛወዝ በራሱ የሚበራና የሚጠፋ ሴንሰርም አለው። አጥፉት። የእሳት እራት ፊቱ ባለፈ ቁጥር ድርግም ይላል።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። በክረምት ማታ ቦሩ ሜዳ ላይ ቆማችሁ ታውቃላችሁ? ከደሴ ሩቅ አይደለም። ሐምሌ ሲገባ ሣሩ ውሃ ይቋጥርና ሜዳው ሁሉ በድምፅ ይሞላል። የሚጮኹት ወንዶቹ ናቸው። እያንዳንዱ ዝርያ የራሱ ጥሪ አለው፤ ሴቷም በጨለማ የራሷን ወገን የምትለየው በጆሮዋ ነው። ነጭ መብራት ይዛችሁ ስትገቡ ከፊታችሁ ያለው ጩኸት ይቆማል፣ ከኋላችሁ ይቀጥላል። ስትዞሩ ደግሞ ያኛው ይቆማል። በዚህ ዓይነት ሌሊቱን ሙሉ መዞር ይቻላል፣ አንድም ሳታዩ።

በቀዩ ግን አይሰሙም እንኳ እንዳልል፣ ኮቴያችሁን ይሰማሉ፤ ጥቂት ደቂቃ ዝም ብላችሁ ከቆማችሁ ግን ይቀጥላሉ። ምክንያቱ ዓይናቸው ነው። እኛ በድቅድቅ ጨለማ ቀለም አንለይም፤ ለጨለማ የሚሠራው የዓይናችን ሕዋስ አንድ ዓይነት ብቻ ስለሆነ ሁሉም ነገር ግራጫ ይሆንብናል። እንቁራሪቶች ግን ለጨለማ የሚሆን ሁለት ዓይነት ሕዋስ አላቸው። አንዱ ወደ ሰማያዊ፣ ሌላው ወደ አረንጓዴ ያደላል። በስዊድን የሉንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት ጥናት እኛ ምንም በማናይበት ጨለማ ውስጥ እንኳ ቀለም እንደሚለዩ አሳይተዋል። ሁለቱም ሕዋሳት ግን ለቀይ ብርሃን ደካማ ናቸው። ስለዚህ ቀዩ ሲበራ እናንተ ታያላችሁ፣ እነሱ ብዙም አይረበሹም። ለዚህ ነው 100,000 ሉመን ቢሆን ኖሮ እንኳ የማልፈልገው።

በቀዩ መብራት መጀመሪያ የምታዩት ሣር ብቻ ነው። ድምፁ ከእግራችሁ ሥር ይመጣል፣ ባለቤቱ ግን የለም። እነዚህ የሣር እንቁራሪቶች ናቸው፤ ሳይንሱ ፕቲካዴና ይላቸዋል። ሾጣጣ አፍንጫ፣ ረጅም የኋላ እግር፣ ዝላያቸው ለጉድ። የኢትዮጵያ ደጋ ለእነሱ ወገን ልዩ ቦታ ነው፤ ከእኛ ተራሮች ውጪ የትም የማይገኙ በርካታ ዝርያዎች አሏቸው። ጀርባቸው ላይ ከአፍንጫ እስከ መቀመጫ የሚወርድ መስመር ታያላችሁ። የሚገርመው አንድ ኩሬ ውስጥ፣ አንድ ዝርያ ሆነው ሳለ፣ አንዱ ወፍራም መስመር አለው፣ ሌላው ቀጭን፣ ሌላው ጭራሽ የለውም። አንዱ አረንጓዴ፣ ሌላው ቡኒ። መስመሩ ሰውነቱን ለሁለት ይከፍለዋል፤ ከላይ የሚያይ ወፍ ሁለት የሣር ቅጠል እንጂ አንድ እንቁራሪት አያይም። ተመራማሪዎች የመስመሩን መኖርና አለመኖር ከአንድ ጂን (ዘረመል) አካባቢ ጋር አያይዘውታል። ሁሉም አንድ ዓይነት ቢሆኑ አዳኙ ወፍ አንዴ ከለመደ ሁሉንም ይለቅማቸው ነበር ብዬ አስባለሁ።

እዚያ አጎንብሼ ሳለሁ ድንቹን ከጃርት የሚጠብቅ አንድ ሽማግሌ ዱላውን ይዞ መጣ።

«አንተ ልጅ፣ ምን ጠፍቶህ ነው?»

«ምንም አልጠፋኝም አባባ። እንቁራሪት እያየሁ ነው።»

«ኧረ በአላህ! ደሴ እንቁራሪት አጥታ ነው?»

ከዚያ እሳቸውም አጎነበሱ። ባትሪውን አውልቄ ግንባራቸው ላይ ከጥምጣሙ በላይ አሰርኩላቸው (ላስቲኩ እዚህ ላይ ነው መላላት የጀመረው)። አየት አድርገው «ይቺስ የሣሯ ናት። ክብ የሆነች፣ ድብልብል ያለች ሌላ አለች። እሷን በበጋ ድንች ስቆፍር ከአፈር ነው የማወጣት» አሉኝ። እንዲህ ያለ ሰው ካገኛችሁ መጽሐፍ አያስፈልግም።

እሳቸው ያሉትን የምትመስል አንዲት የደጋችን ነዋሪ አለች፤ ሌፕቶፔሊስ ግራሚኒየስ ትባላለች። የወገኖቿ አብዛኞቹ ዛፍ ላይ ነው የሚኖሩት፤ ጣታቸው ጫፍ ላይ ቅጠልና ግንድ የሚይዝ ሰፊ መያዣ አላቸው። የእኛዋ የመረጠችው ዛፍ የሌለበትን የደጋ ሣር ነው። የጣቷ መያዣ በጣም አንሷል፣ በምትኩ ቆፋሪ ሆናለች። ዝናብ ሲያቆም ወደ አፈር ትገባለች። ክረምት ሲመጣ ትወጣለች። ብርዱም፣ ፀሐዩም፣ አሞራውም ከላይ ይቀራል።

አፈር ውስጥ ምን ትጠጣለች? እንቁራሪት እኮ በአፏ ውሃ አትጠጣም። በቆዳዋ ነው የምትጠጣው፣ በተለይ ከሆዷ በታችና ከታፋዋ ባለው ስስ ቆዳ። እርጥብ አፈር ላይ መቀመጥ ለእሷ መጠጣት ነው። ፊኛዋ ውስጥ ያጠራቀመችውን ውሃም መልሳ ወደ ሰውነቷ ታስገባለች። በአውስትራሊያ በረሃ ያለች አንዲት ዝርያ ይሄን ነገር ጫፍ አድርሳዋለች፤ ፊኛዋንና ከቆዳዋ ሥር ያለውን ቦታ ውሃ ሞልታ፣ ከራሷ የተላጠ ቆዳ ሽፋን ሠርታ፣ ዝናብ እስኪመጣ ከመሬት በታች ዓመታት ትቀመጣለች። የአገሩ ነባር ሕዝቦች ውሃ ሲጠማቸው ከመሬት ቆፍረው አውጥተው ጨመቅ አድርገው ይጠጡ ነበር።

ይሄ የቆዳ ነገር ለእናንተም ማስጠንቀቂያ ነው። ትንኝ መከላከያ ቅባት፣ ሎሽን ወይም ሳኒታይዘር በነካ እጅ እንቁራሪት አትንኩ። በእናንተ እጅ ላይ ያለው በቀጥታ ወደ ደሟ ይገባል። ቢሻል ጭራሽ አትንኩ። መብራት የገዛችሁት ለማየት ነው።

ዝናብ መቋቋሙን የፈተንኩት ሐይቅ ከተማ ነው። ካርቶኑ «ውሃ አይነካውም» ይላል። ሐይቅ ዳር ሆኜ ካፊያ ጀመረ፣ ብዙም ሳይቆይ መስተዋቱ ከውስጥ አላበው። ድርቅ ባለ ቦታ ሲያድር ተመልሷል፤ ግን ውሃ ውስጥ ከወደቀ አለቀለት። ላስቲክ ከረጢት ይዛችሁ ሂዱ።

ሐይቅ ላይ ግን ባትሪውን ብዙ አልተጠቀምኩበትም፤ ጉርጦቹ ራሳቸው ወደ መብራት ይመጣሉ። ካረፍንበት በረንዳ አምፖል ሥር ተሰብስበው የሚወድቀውን ነፍሳት ይለቅማሉ። ወንበር ስባችሁ ተቀመጡና እዩ። የጉርጥ ምላስ የታሰረው እንደኛ ከጉሮሮ በኩል ሳይሆን ከአፉ ፊት በኩል ነው። ተገልብጦ ይወረወራል፤ ዓይናችሁን ሳትጨፍኑ ተመልሷል። ምራቁም ጉድ ነው። ነፍሳቱን ሲመታ ቀጭን ሆኖ ይፈስና ይዳረሳል፣ ሲጎተት ወፍራም ሆኖ ያጣብቃል፣ አፍ ውስጥ ሲገባ ደግሞ መልሶ ቀጭን ይሆናል። ከዚያ የሚመጣውን ነው በደንብ ማየት ያለባችሁ። ሲውጥ ዓይኑን ይጨፍናል። የጣመው አይምሰላችሁ፤ የዓይኑ ኳሶች ወደ አፉ ውስጥ ወርደው ምግቡን ወደ ጉሮሮ እየገፉለት ነው። ደካማው ነጭ መብራት ለዚህ ይበቃል፣ ሁሉም ነገር ይታያል።

ልጆች ሳለን ጉርጥ የነካ እጁ ኪንታሮት ያወጣል እንባል ነበር። ኪንታሮት የሚያመጣው ቫይረስ ነው፣ ጉርጥ የለበትም። ግን መርዝ አለው። ከዓይኑ በስተኋላ ያሉት ሁለት እብጠቶች ነጭ ፈሳሽ ያመነጫሉ፤ የበረንዳው ውሻ አንዱን ጉርጥ አፉ ውስጥ አስገብቶ ወዲያው ተፋው፣ ከዚያ ለሃጩን እያዝረከረከ ግቢውን ዞረ። ሁለተኛ የሚነካ አይመስለኝም። እያንዳንዱ የእንቁራሪት ወገን የራሱ መከላከያ አለው፣ አንዳንዱ ደግሞ ያስደነግጣል። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም እንዲሉ፣ ካሜሩን ውስጥ አንድ እንቁራሪት ሲይዙት የራሱን የጣት አጥንት ሰብሮ በቆዳው አሹልኮ ጥፍር ያደርገዋል። የኮሎምቢያው ወርቃማ እንቁራሪት መርዙ ብዙ ሰው ይጨርሳል፤ ግን ሰው ቤት ተወልዶ ሌላ ምግብ በልቶ ካደገ መርዝ የለውም። መርዙ የሚመጣው ከሚበላው ነፍሳት ነው።

ውሃው ውስጥም መብራቱን ጣል አድርጉ። በደጋችን ኩሬዎች የምትኖር ጠፍጣፋ፣ ዓይኗ ወደ ላይ የሚያይ፣ የኋላ እግሯ ጣቶች ላይ ጥቁር ጥፍር ያላት እንቁራሪት አለች፤ ዜኖፐስ ናት። ምላስ የላትም። በድፍርስ ውሃ ውስጥ ስለምትኖር ዓይኗን ብዙም አታምንም፤ በጎንና ጎኗ ያለው የስሜት መስመር የውሃውን ንቅናቄ ይነግራታል፣ ዓሣዎች ያላቸው ዓይነት። ኩሬው ሲደርቅ ጭቃ ውስጥ ትቀበራለች። በነገራችን ላይ የዚህች ዘመድ የሆነችው የደቡብ አፍሪካዋ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የእርግዝና መመርመሪያ ነበረች። የሴትየዋን ሽንት ይወጓታል፤ እንቁላል ከጣለች እርግዝና አለ ማለት ነው። ሐኪም ቤት እንቁራሪት የሚቀለብበት ዘመን ነበር።

ይህ ባትሪ ከስልክ መብራት የሚበልጥበት ሌላው ነገር የእንስሳትን ዓይን ማስበራቱ ነው። ይሄን ሻጩም አያውቀውም። ጅብ፣ ድመት፣ ሸለምጥማጥ፣ ሌሊት የሚሠሩ አጥቢዎች ብዙዎቹ ከዓይናቸው ጀርባ ብርሃን የሚመልስ ሽፋን አላቸው። ብርሃኑ አንዴ ገብቶ ያልተያዘው ይመለስና ሁለተኛ ዕድል ያገኛል፤ በዚህ የተነሳ እኛ ምንም በማናይበት ጨለማ ይሄዳሉ። ያ የተመለሰው ብርሃን ነው ዓይናቸውን የሚያስበራው። ታዲያ የሚመለሰው ወደመጣበት ነው። ባትሪውን በእጃችሁ ወገባችሁ ላይ ከያዛችሁት ወደ ወገባችሁ ይመለሳል፣ ዓይናችሁ አያገኘውም። ግንባር ላይ ሲሆን ግን ከዓይናችሁ አጠገብ ስለሆነ ሁሉም ይበራላችኋል። ለዚህ ሥራ ኃይለኛው ነጭ ያስፈልጋል፣ ቀዩ አይደርስም።

መጀመሪያ የምታዩት ግን ጅብ አይደለም፣ ሸረሪት ነው። ሣሩ ላይ የጤዛ ጠብታ የሚመስሉ ደቃቅ አረንጓዴ ብልጭታዎች ይበተናሉ። ጠጋ ስትሉ እያንዳንዱ ጠብታ እግር አለው። ድር የማይሠሩ፣ ሮጠው የሚያድኑ ሸረሪቶች ናቸው። ሸረሪት የሚፈራ ሰው ይሄን መብራት ባይገዛ ይሻለዋል፤ ስንት እንዳሉ ሲያይ እንቅልፍ አይወስደውም።

ጅቡን ደሴ ዳር ላይ ሁላችንም እናውቀዋለን። አጥንት ሰብሮ፣ ውጦ፣ አሟሙቶ ይጨርሳል፤ ኩሱ የሚነጣው በአጥንቱ ካልሲየም ነው። የታመመ ከብት ሬሳ በልቶ ላለመታመሙ አንዱ ምክንያት የሆዱ አሲድ ነው ይባላል። ሁለት ዓይን ከፍ ብሎ ቀስ ብሎ ሲሄድ ካያችሁ መብራቱን አታጥፉ፣ ግን ወደፊትም አትሂዱ።

ብርዱን የፈተንኩት ቦረና ሳይንት፣ ደንቆሮ ከሚባለው ጫካ በላይ ነው። ከንጋት በፊት ለመውጣት ነበር የፈለግኩት። ማታ ሙሉ ቻርጅ ያደረግኩት ባትሪ ከድንኳን ውጪ አድሮ ጠዋት ቀዩን እንኳ ደከም አድርጎ ነው ያበራው። ሊቲየም ብርድ አይወድም። ደረቴ ውስጥ ከትቼው ትንሽ ቆይቶ ነፍስ ዘራ። ወደ ደጋ የምትወጡ ከሆነ የባትሪ ድንጋዩን አውጥታችሁ ከብርድ ልብሳችሁ ሥር አስተኙት።

ብርድን በተመለከተ አንድ እንቁራሪት ባትሪዬን ታስንቃለች። አላስካ ውስጥ ያለችው የጫካ እንቁራሪት የብርዱን ወራት ቅጠል ሥር ሆና በረዶ ትሆናለች። ቀልድ አይደለም። ከሰውነቷ ውሃ ሁለት ሦስተኛ ገደማ በረዶ ይሆናል፣ ልቧ ይቆማል፣ ትንፋሽ የለም። በረዶ መሆን ስትጀምር ጉበቷ ስኳር ለቅቆ ሕዋሶቿን ይሞላል፤ በረዶው ከሕዋሱ ውጪ ይቀርና ሕዋሱ አይፈነዳም። ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ድረስ፣ በዚህ ዓይነት ለወራት ቆይታ፣ ሙቀት ሲመጣ ተፈትታ ትሄዳለች። የእኛዎቹ እንዲህ ዓይነት በረዶ የለባቸውም፣ አያስፈልጋቸውምም።

ጎህ ከቀደደ በኋላ ባትሪው ሥራ የለውም፤ ከደጋው እንስሳት ብዙዎቹ የቀን ሠራተኞች ናቸው። ቀይ ቀበሮ ጎሬ ውስጥ ማደር አያበዛም፤ ሜዳ ላይ ተጠቅልሎ፣ አፍንጫውን በጭራው ሸፍኖ ነው የሚያድረው። አይጦቹ የሚወጡት ፀሐይ ሲሞቅ ስለሆነ እሱም አብሮ ይነሳል። በቤተሰብ ይኖራል፣ አደኑን ግን ብቻውን። በዓለም የቀሩት ከ500 በታች ናቸው፣ ጥቂቶቹ ወሎ ውስጥ ናቸው። ከጭላዳ ጋር ያለው ነገር ይገርማል። ጎረቤታችን መንዝ ውስጥ ጓሳ ላይ በተደረገ ጥናት ቀበሮው በጭላዳ መንጋ መሃል ሆኖ ሲያድን ከሙከራው 67 በመቶው ተሳክቶለታል፣ ብቻውን ሲሆን ግን 25 በመቶ ብቻ። ስለዚህ መንጋው መሃል ሲገባ ቀስ ብሎ ይሄዳል፣ ግልገላቸውን አይነካም። ጭላዳዎቹም አይሸሹትም። ጭላዳ ራሱ ሣር ግጦ የሚኖር፣ ማታ ገደል ላይ የሚያድር ነው፤ ገደሉ ከነብርና ከጅብ ያድነዋል። ገደሉ አፍ ላይ ሽኮኮዎች ተደርድረው ፀሐይ ይሞቃሉ። የሰውነታቸውን ሙቀት በራሳቸው የመቆጣጠር አቅማቸው ደካማ ስለሆነ ጠዋት ጠዋት ሳይሞቁ ሥራ የለም። ከላይ ጺማሙ ጥንብ አንሳ አጥንት ይዞ ይወጣና ድንጋይ ላይ ይለቀዋል፤ ሲሰባበር ወርዶ ይውጠዋል። ዋና ምግቡ አጥንት ነው። ለዚህ ሁሉ የምመክራችሁ መነጽር ነው፣ እሱ ግን ሌላ ዋጋ ነው።

ወደ ዕቃው ልመለስ። ላስቲኩ ላልቶ ዓይኔ ላይ መውረድ ሲጀምር ልብስ ሰፊ ጋ ወስጄ ሌላ ላስቲክ አሰፋሁበት፣ አሁን ጠብቋል። መስተዋቱን የሚይዘው ማጠፊያም ጥርሱ ይበላል፤ በጣም አታንገላቱት። ነጩ ብርሃን ቀዝቃዛ ዓይነት ስለሆነ ትንኝና የእሳት እራት ፊታችሁ ላይ ይሰበስባል። ወደ ቢጫ የሚያደላ ብታገኙ ያነሰ ይስባል። ቀዩ ግን ምንም አይስብም ማለት ይቻላል። ሐይቅ ዳር ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

መጠቀሚያውን በተመለከተ ሁለት ነገር ልበል። አንደኛ፣ ሰው ሳታሳውቁ ሜዳ ላይ በሌሊት መብራት ይዛችሁ አትዙሩ። ጊዜው ጊዜ አይደለም። የአካባቢውን ሰው አስቀድማችሁ አነጋግሩ፣ ቢቻል አብሯችሁ ይውጣ። ሁለተኛ፣ ከአንድ ኩሬ ወደ ሌላ ስትሄዱ ጫማችሁን ጭቃውን አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ ሂዱ። ቺትሪድ የሚባል ፈንገስ አለ። የእንቁራሪትን ቆዳ ያጠቃል፤ በቆዳዋ ስለምትተነፍስና ስለምትጠጣ ቆዳዋ ሲበላሽ ልቧ ይቆማል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት በዓለም ላይ 501 ዝርያዎች በእሱ ምክንያት እንደቀነሱ፣ 90 ያህሉ ጨርሰው እንደጠፉ ገምቷል። ኢትዮጵያ ውስጥም ተገኝቷል። ከኩሬ ወደ ኩሬ የሚወስደው ደግሞ የእኔና የእናንተ ቦቲ ሊሆን ይችላል።

ሱቅ ስትገቡ ስለ ሉመን አትጠይቁ። «ቀይ አለው?» በሉ። ካለው አብሩትና ለብቻው የሚበራ ቁልፍ እንዳለው እዩ፤ ሁለት ቁልፍ ያለው ከተገኘ ከእኔው ይበልጣል፣ ትንሽ ጨምሩና እሱን ውሰዱ። የባትሪ ድንጋዩ የሚወልቅ መሆኑንም አረጋግጡ፣ የታሸገውን አትግዙ። መግዛት ያሰበ ከሰኔ በፊት ይግዛ። ክረምት ገብቶ መብራት መጥፋት ሲበዛ ዋጋው ይወጣል፣ ሸዋ በር ያሉትም ያን ጊዜ ክርክር አይሰሙም።